ነጭ ፊደል ጎማ ለድሮ ስፖርት መኪና፦ የትኛው ይሻላል? እንዴትስ ይጸዳል?

የድሮ ስፖርት መኪና ነጭ ፊደል ያለው ጎማ ሲገጠምለት መልኩ ወዲያው ይለወጣል። ሙስታንግ ይሁን ዳትሰን 240ዜድ፣ ቶዮታ ሴሊካ ይሁን ፊያት 124 ስፓይደር፣ ጎማው ጎን ላይ ጎላ ብሎ የተነሳው ነጭ ጽሑፍ መኪናውን ወደ ዘመኑ ይመልሰዋል። እኔም በጣም እወደዋለሁ። ግን በአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር ሰዎች የጎማ ምርጫ በመልክ ብቻ አያልቅም። ከለገጣፎ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ ወይም ከገላን ተነስቶ ከተማ የሚገባ ሰው በአንድ ጠዋት ኮረኮንች፣ ኮብልስቶን፣ የተቦረቦረ አስፋልትና ፈጣን መንገድ ያገኛል። ክረምት ላይ ጭቃውም አለ።

ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። መጀመሪያ የጎማው ዕድሜ ይታይ። ቀጥሎ ልኩ፣ ከዚያ ዝናብ ላይ ያለው አያያዝ። ፊደሉ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። የቆሸሸ ፊደል በሳሙና ይነጣል፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ጎማ ግን በምንም አይመለስም።

ነጩ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ፊደሉ ቀለም ይመስለዋል። ከፋብሪካ ነጭ ፊደል ሆኖ የወጣ ጎማ ላይ ግን ቀለም የለም፤ ነጩ ራሱ ላስቲክ ነው። ጎማ ጥቁር የሚሆነው ካርቦን ስለሚገባበት ነው። ካርቦኑ ላስቲኩን ያጠነክረዋል፤ ከፀሐይም ይከላከልለታል። በነጩ ላስቲክ ውስጥ በካርቦን ፋንታ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይገባል። ጎማው ሲሠራ ይህ ነጭ ላስቲክ በጎኑ ዙሪያውን ይቀመጥና በላዩ ስስ ጥቁር ላስቲክ ይለበጣል። ጎማው ተጠብሶ ከሻጋታው ሲወጣ፣ ከፍ ብለው የተነሱት ፊደላት ላይ ያለው ጥቁር ይፋቃል። ነጩ ያኔ ብቅ ይላል።

ይህን ማወቅ ለገዢም ለአጣቢም ይጠቅማል። ፊደሉ ላስቲክ ስለሆነ ውፍረት አለው። ፈግፈግ ቢደረግ እንደ ቀለም አይላጥም። በሌላ በኩል ጥቁሩ ልባስ ስስ ነው። ጎማው ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ደጋግሞ ከተፋተገ ልባሱ ያልቅና ፊደል በሌለበት ቦታ ነጭ ጭረት ይወጣል። ያ ጭረት ታጥቦ አይጠፋም።

ፊደሉ ወደ ቡናማ የሚለወጥበት ምክንያትም ከራሱ ከጎማው የሚመነጭ ነው። ጥቁሩ ላስቲክ እንዳይሰነጠቅ የሚከላከሉ ኬሚካሎችና ሰሞች ተደባልቀውበታል። እነዚህ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሥራቸው ነው፤ ላስቲኩን ከኦዞን፣ በአየር ውስጥ ካለው ላስቲክ ከሚያሰነጥቅ ጋዝ፣ የሚጠብቁት እንዲህ ነው። ነጩ ላይ ሲደርሱ ግን ያቡናሙታል። ስለዚህ ቡናማ ፊደል ያለው ጎማ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ነጭ ፊደል ያለው ጎማ ሁሉም ጤነኛ አይደለም።

ምርጫዎቹ

በእኛ ሁኔታ ከፊታችን ያሉት መንገዶች አራት ናቸው ማለት ይቻላል። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ እኩል ስላልሆኑ።

የመጀመሪያው ከፋብሪካ ነጭ ፊደል ይዞ የሚወጣ ራዲያል ጎማ ነው፤ ራዲያል ዛሬ የተለመደው የጎማ ዓይነት ነው። ስማቸው በብዛት የሚነሳው ቢኤፍ ጉድሪች ራዲያል ቲኤ እና ኩፐር ኮብራ ናቸው። ሁለቱም የአሜሪካ የድሮ መኪኖችን አስበው የተሠሩ ናቸው። ቢኤፍ ጉድሪች ዛሬ የሚሽላን ንብረት ነው፤ ኩፐርም እ.ኤ.አ. በ2021 በጉድይር ተገዝቷል። ልካቸው በአብዛኛው ባለ 14 እና ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ ነው። ለሚነዳ ሰው ምቹ ናቸው፤ ጎናቸው ከፍ ያለ ስለሆነ የኮረኮንቹን ምት ይውጣሉ።

የፍጥነት ደረጃቸው በአብዛኛው ኤስ ወይም ቲ ነው። ኤስ ማለት እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ቲ ማለት እስከ 190 ነው። «ለስፖርት መኪና አነሰ» የሚል ሰው አለ። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጣሪያው 120 ነው። ስለዚህ ለእኛ ይህ ቁጥር ችግር አይደለም። ትኩረት የሚፈልገው ዝናቡ ነው። የእነዚህ ጎማዎች ንድፍ የድሮ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ዛሬ ዘመናዊ ጎማ ጨብጠው አይዙም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የአፈር ገልባጮች ጭቃ ያራገፉበት አስፋልት ላይ፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ርቀታችሁን ጨምሩ። ይህን የሚቀበል ሰው በእነዚህ ጎማዎች ይደሰታል። እኔ ከአራቱ የማስቀድመው ይህንን ነው።

ሁለተኛው የድሮውን ጎማ ቁርጥ አስመስሎ የሚሠራ ባያስ ጎማ ነው። በራዲያል ጎማ ውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ በባያስ ውስጥ ግን አግድመው ይጠላለፋሉ። ነጭ ፊደል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲገን፣ እንደ ፋየርስቶን ዋይድ ኦቫል እና ጉድይር ፖሊግላስ ያሉት ሰፋፊ ጎማዎች የተሠሩት በዚህ ዓይነት ነበር። ዛሬም የእነሱ ቅጂ በአሜሪካ ይመረታል። ለኤግዚቢሽን የሚቆም መኪና ላይ እጅግ ያምራል። ለሰንዳፋ መንገድ ግን አልመክረውም። ባያስ ጎማ የመንገዱን ቦይ ተከትሎ መሄድ ይወዳል። ከባድ መኪና አስፋልቱን አጉድጉዶ ቦይ ባወጣበት ቦታ መሪው ከእጅ ይጎትታል። ለብዙ ቀን ከቆመም መሬት የነካው ቦታ ጠፍጠፍ ይላል፤ ስትነሱ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ዋጋውም ከራዲያሉ ይበልጣል። ከወሰናችሁ ግን አራቱንም ባያስ አድርጉ። ፊት ባያስ፣ ኋላ ራዲያል እያሉ መቀላቀል አያያዙን ያዛባል፤ በአንድ አክስል ላይ መቀላቀልማ ጭራሽ አይሞከርም።

ሦስተኛው ጥሩ ጥቁር ጎማ ገዝቶ ፊደሉን ራስ መሥራት ነው። ይህ ሁለት መልክ አለው፦ በቀለም ብዕር መቀባት ወይም ተለጣፊ የላስቲክ ፊደል ማጣበቅ። ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ያለማቋረጥ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ቀለም ይሰነጠቃል፤ የሚለጠፈውም ከጠርዙ ይነሳል። ለጎማ ተብሎ የተሠራ ቀለም ብዕር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በየጊዜው መታደስ አለበት። የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም ግን ይቅር። ሲደርቅ ጠንካራ ስለሚሆን በቶሎ ይፈረካከሳል። ተለጣፊው ፊደል ከሩቅ የበለጠ የፋብሪካ ይመስላል። ኮረኮንች ላይ ግን ድንጋይ እየነካ ያነሳዋል። አንድ ፊደል የወደቀበት ጎማ ደግሞ ምንም ካልተጻፈበት ጥቁር ጎማ የባሰ ዓይን ይረብሻል።

ይሁን እንጂ ይህን መንገድ አላናንቀውም። ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ላላቸው መኪኖች፣ ለመጀመሪያዎቹ ሴሊካዎችና ለፊያት ስፓይደር፣ ነጭ ፊደል ጎማ በልካቸው ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ለእነሱ ዘመናዊ፣ ዝናብ ላይ አስተማማኝ የሆነ ጥቁር ጎማ ከነፊደሉ ሥራ ጋር ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሴሊካውም ሆነ ስፓይደሩ በጥቁር ጎማም ውብ ነው።

አራተኛው አማራጭ ወጥመድ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላንሳው። ነጭ ፊደል ያለው ጎማ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወይም መርካቶ ስትዞሩ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ምናልባት የሃይሉክስና የላንድክሩዘር ጎማ ነው። እነዚህ እዚህ አገር በብዛት አሉ፤ ብዙዎቹም ነጭ ፊደል አላቸው። ባለ 15 ኢንች ስለሆኑ አንዳንዴ ቸርኬው ላይ ይገባሉ። ሻጩም «ገባ አይደል?» ሊላችሁ ይችላል። መግባቱ ብቻ አይበቃም። የጭነትና የገጠር ጎማ ጎኑ ወፍራምና ግትር ነው። የተሠራው ሁለት ቶን ለሚጠጋ መኪና ነው። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን 240ዜድ ሥር ሲገባ ጎኑ አይተጣጠፍም፤ መኪናው እንደ ጋሪ ይነጥራል። ክብደቱ መሪውንና ሾክ አብዞርበሩን ያደክማል። ጥርሱ የተራራቀ ስለሆነ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም። ስፋቱም ፓርፋንጎውን ሊነካ ይችላል። በጎማው ልክ መጀመሪያ «ኤልቲ» (LT) የሚል ካያችሁ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው፤ ይለፋችሁ።

የነጭ ቀለበት ነገርም አለ። በጎማው ዙሪያ ነጭ መስመር ያለው ጎማ ከነጭ ፊደሉ ይቀድማል። ለድሮ ቮልስ ወይም ለፊያት 1100 ከፊደሉ ይልቅ ቀለበቱ ይስማማል። ነጭ ፊደል በትልቅ ሞተራቸው የታወቁት የአሜሪካ «ጡንቸኛ» መኪኖች ዘመን ምልክት ነው፤ ቮልስ ላይ ሲገባ የሰው ልብስ የለበሰ ያስመስለዋል።

ቀኑን እዩ፤ ዘመን አቆጣጠሩንም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። በጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» (DOT) ብሎ በሚጀምረው ኮድ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3017 ካለ በዓመቱ 30ኛ ሳምንት፣ ዓመቱ በ17 በሚያልቅበት ጊዜ የተሠራ ነው።

ግን በማን አቆጣጠር? በፈረንጆቹ ነው። 3017 ማለት ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። እኛ «17» የሚል ስናይ አእምሯችን 2017 ዓ.ም. ብሎ ያነባል። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ጎማው መጋዘን ተቀምጦ ጥርሱ እንዳለ፣ ፊደሉም እንደነጣ ሊሆን ይችላል። ላስቲኩ ግን አርጅቷል። ኮዱ ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ አይገዛም።

ብዙ ጎማ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲወጣ ይመክራሉ። የድሮ መኪና ላይ ይህ ምክር የበለጠ ይሠራል። መኪናው ትንሽ ስለሚነዳ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ኮዱ አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ይጻፋል። ነጩ ወደ ውጭ ከሆነ ቀኑ ወደ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ክሪክ አስገብታችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ እዩ። ያገለገለ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት በፊደላቱ ሥርና በጥርሱ መሀል ያለውን ስንጥቅ ተመልከቱ። ጎኑን በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ትንንሽ ስንጥቆች ከተከፈቱ ሂሳቡ እዚያው አለቀ።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለንን መኪና ጠብቀን የመያዙ ነገር ክብደቱ ጨምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከብዷል። ነጭ ፊደል ራዲያል ጎማ በአብዛኛው የሚገኘው በትዕዛዝ ነው። አንዱ ብቻ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ከመግዛቱ በፊት የኮዱን ፎቶ ይላክላችሁ። በ«አዲስ ነው» የሚል ቃል ብቻ ገንዘብ አይላክ።

ልኩ

ጎማ ላይ 205/70 አር 14 ተብሎ ሲጻፍ 205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወደ 143 ሚሊ ሜትር። 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የድሮ የአሜሪካ መኪና መጽሐፍ ላይ ኢ70-14 የሚል ካያችሁ ቅርቡ የዛሬ ልክ ይኸው 205/70 አር 14 ነው። ኤፍ70-14 ለሚለው ደግሞ 215/70 አር 14።

ባለ 14 ኢንች ቸርኬውን ይዞ መቆየት ወይስ ወደ 15 መሄድ የሚለው ክርክር ጋራዥ ሁሉ ውስጥ አለ። ጠቅላላ ቁመቱ ከዋናው በ3 በመቶ ውስጥ እስካለ ድረስ ፍጥነት ቆጣሪው ብዙ አይዋሽም። 205/70 አር 14 ቁመቱ 643 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 215/60 አር 15 ደግሞ 639። ስለዚህ በቁመት ይቀራረባሉ። በጎን ቁመት ግን አይገናኙም፤ የ15ቱ ጎን 129 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያ ልዩነት ጉድጓድ ላይ ቸርኬን ያድናል ወይም ያጎብጣል። በዚያ ላይ ከፍ ያለ ጎን ፊደሉ ሰፋ ብሎ እንዲታይ ቦታ ይሰጣል። ከከተማ ዳር የምትነዱ ከሆነ ባለ 14ቱን ከነከፍታው አቆዩት። ለባለ 13 ኢንች መኪና፣ በ165/80 አር 13 ፋንታ 185/70 አር 13 ብትወስዱ ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀንሳል። ሆኖም መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ጎማው የትም እንዳይነካ ፈትሹ።

ጎሚስታው ጋ

ብዙ ነጭ ፊደል ጎማዎች ነጩ ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላው ጎን ጥቁር ነው። ፊደሉ እንዲታይ የፈለገም፣ ጥቁር እንዲሆን የፈለገም በአንድ ጎማ ሁለቱን ያገኛል። ግን ጎሚስታው ሥራ ሳይጀምር ተናገሩ። «ወንድሜ፣ ነጩ ወደ ውጭ ይሁን፤ በሳሙና ውሃ አስገባልኝ፤ ግራሶ እንዳትነካው» ማለት ይበቃል። ግራሶና ዘይት ላስቲክን ይጎዳሉ፤ ነጩንም ያቡናሙታል። በማሽን የሚሠራ ጎሚስታ ብትመርጡ ይሻላል። በብረት ማንሻ የሚያስገባ ከሆነ ፊደሉና ቸርኬው መሀል ጨርቅ ይግባ።

ሌላ የሚነሳ ነገር ከመነዳሪ ነው። የድሮ ቸርኬ አንዳንዱ ለቱብለስ፣ ያለ ከመነዳሪ ለሚሠራ ጎማ፣ የተሠራ አይደለም፤ ጎማውን ይዞ የሚያቆም ጉብታ የለውም። እንዲህ ያለው ላይ ከመነዳሪ ማስገባት ግድ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለራዲያል ጎማ የተሠራና ልኩ የሆነ ከመነዳሪ ይፈለጋል። ጎማው ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አስቀድሞ ይነሳ፤ እየፈተገ ከመነዳሪውን ይበላዋል።

የነፋሱን መጠን በተመለከተ፣ የመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ለባያስ ጎማ ከሆነ ቁጥሩ ለራዲያል ዝቅ ያለ ነው። የድሮ ቀላል መኪና ባለቤቶች ራዲያል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ ይጠቀማሉ። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ላይ ለኩ።

አጠባው

አዲስ ነጭ ፊደል ጎማ ሲመጣ ፊደሉ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፤ ጎማዎቹ ተደራርበው ሲቀመጡ ጥቁሩ ነጩን እንዳይበክለው የተቀባ መከላከያ ነው። በውሃ ይለቃል። በደረቁ አትፋቁት፤ በጥፍርም በቢላም አይሞከር። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አርሱት፤ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ብዙ ከመንዳታችሁ በፊት ይታጠብ። ፀሐይ ከጠበሰው በኋላ ሥራው ይከብዳል።

ለዘወትሩ አጠባ ላርጎና ብሩሽ ከማንኛውም ነገር በላይ ይሠራሉ። ጥላ ላይ አቁሙ። ጎማው ከመንዳት ሞቆ ከሆነ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አሸዋውን አውርዱ፤ አሸዋው ካልወረደ ብሩሹ ይዞት ይፈትጋል። ከዚያ ሙሉውን ጎን አረፋ አድርጉት። ፊደሉን ብቻ ማጠብ ጥቅም የለውም። ቡናማ የሚያደርገው ከዙሪያው ስለሆነ ጥቁሩም አብሮ ይታጠብ። ሳሙናው ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አለቅልቁ።

በላርጎ ያልለቀቀውን አረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ያነሳዋል። ከሱፐርማርኬት ነጭ ሜላሚን ስፖንጅ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። ፊደሉ ላይ ብቻ፣ በእርጥቡ፣ ሳትጫኑ። ሳሙና ያለበት ስስ የብረት ሱፍም ይሠራል። ድስት የሚፈገፈግበት ጠንካራ ሽቦ ግን ሻካራ ነው፤ ፊደሉን ይቦጫጭረዋል። በተቦጫጨረው ውስጥ አቧራ ይገባና ሁልጊዜ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ለዓመታት ያልታጠበና እንደ ቡና የጠቆረ ፊደል ካጋጠማችሁ የመጨረሻው አማራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቁጥሩ 400 ወይም ከዚያ የላመ ይሁን። በውሃ አርሳችሁ፣ ትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ ፊደሉ ላይ ብቻ በቀስታ። በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከነጩ ትንሽ ይሄዳል።

ቆሻሻው የምን እንደሆነ ማወቅም ያግዛል። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ጥቁር መረሬ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። እርጥብ እያለ ግን በውሃ ብቻ ይወርዳል። ቤት ስትደርሱ አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ የነገውን ሥራ ያቀላል። የእንጦጦ ጎን ቀይ አፈር ደግሞ ቀለሙ ነጩ ውስጥ ይቀራል፤ ሳሙና ያስፈልገዋል። አዲስ ከተነጠፈ አስፋልት የሚረጭ ሬንጅን በሳሙና ማንሳት አይቻልም። ትንሽ የምግብ ዘይት በጨርቅ ነክታችሁ ካለሰለሳችሁት በኋላ ዘይቱን ወዲያው በላርጎ እጠቡት።

አሁን የማይደረገው። ጎማን በላምባ፣ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ በአንዳንድ ላቫጆ የተለመደ ነው። ቤንዚን ሬንጁን እንደሚያነሳ አውቃለሁ። ነገር ግን የነዳጅ ውጤቶች ላስቲክ ውስጥ ይገባሉ፤ ያሳብጡታል፤ መከላከያ ሰሙን አጥበው ያወጣሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፊደሉ ከበፊቱ ብሶ ይቡናማል። የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ማብለጥም ያው ነው። በረኪናም አልመክርም። ለጊዜው ያነጣል፤ ላስቲኩን ግን ያደርቃል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬም ይበላል። ከሌላ ማጽጃ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛም ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

ላቫጆ የምትሄዱ ከሆነ ለሚያጥበው ልጅ አስቀድማችሁ ንገሩት። ላርጎና ብሩሽ ራሳችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ማንም አይቀየምም። ስለ ጎማ ማብለጫም ጥያቄ ይመጣል። ውሃ መሠረት ያደረገውን ምረጡ። በስፖንጅ ጥቁሩ ላይ ብቻ ቀቡት። ፊደሉ ላይ ከነካ ጥረጉት። ጥርሱ ላይ በፍጹም እንዳይደርስ፤ ያንሸራትታል። እኔ ግን ሳይቀባ የታጠበ ጎማ ይበልጥብኛል። አቧራችን ብዙ ነው፤ ማብለጫ የተቀባ ጎማ በሰንዳፋ መንገድ አንድ ጊዜ ሲያልፍ አቧራውን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

የት ይቆማል?

ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እዚህ ፀሐይ ላይ የሚውል ጎማ ቶሎ ያረጃል ማለት ነው። ጋራዥ ከሌላችሁ ቢያንስ ጎማዎቹን የሚሸፍን ሸራ ይኑራችሁ። ፀሐይ የሚያርፈው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ በየጊዜው አዙራችሁ አቁሙት።

በየሰፈራችን ብየዳ ቤት እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ ኦዞን ያወጣል፤ ኦዞን ደግሞ የላስቲክ ጠላት ነው። መኪናችሁን ከብየዳ ቤት ጎን ለወራት አታቁሙ። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ነፋሱን ትንሽ ከፍ አድርጉና አልፎ አልፎ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት።

ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ አትርሱ። አራት አዲስ ነጭ ፊደል ጎማ ገዝቶ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የ20 ዓመት ጎማ መተው በብዛት የማየው ነገር ነው። አቅም ካለ አምስት አንድ ላይ ይታዘዝ፤ ልኩ በኋላ ላይገኝ ይችላል። አቅም ከሌለ ስኮርታው ጥቁር ይሁን፤ ግን በቁመት ከሌሎቹ ጋር የሚስማማና ቀኑ የቅርብ ይሁን። ከሱሉልታ ሲመለሱ በዝናብ መሀል ጎማ የሚቀይር ሰው ፊደሉን አያይም።